ጥቁር ኤል ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው የአመድ ጣዕም፦ ከቆላው (ከተቆላው እህል) ነው፣ ከሆፑ ወይስ ከውኃው?

የክሩ (የመድረክ ውይይቱ) መነሻ ጥያቄ አጭር ናት፤ ሰውን የሳበው ግን አብሯት የተለጠፈው የቅምሻ ማስታወሻ ነው። ጠያቂው ራሱ የጠመቀውን ጥቁር ኤል፣ ማለትም የተቆላ እህል የገባበት ጥቁር ቢራ፣ ይገልጻል። መልኩ ድፍን ጥቁር ነው፤ ብርጭቆው ወደ መብራት ሲነሣ ግን ግርጌው ላይ ቀላ ይላል። አረፋው ቡናማ፣ ጥቅጥቅ ያለና ቶሎ የማይከስም ነው። ሽታው የተቆላ ቡናና ጥቁር ቸኮሌት፣ ከሥሩ ደግሞ ጠቆር ያለ የዳቦ ቅርፊት። ፉት ሲሉት መጀመሪያ ቀለል ያለ ጣፋጭነት ይመጣል፣ ቀጥሎ ቡናው ይጎላል። ከተዋጠ በኋላ ግን አመድ አመድ የሚል ምሬት ምላስ ላይ ቀርቶ ላንቃን ያደርቃል። ይህ የጥቁር ኤል ጠባይ ነው ወይስ ጉድለት? ጉድለት ከሆነስ ከየት እንደመጣ በቅምሻ ብቻ መለየት ይቻላል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

ምላሽ 1 በጨዋ አነጋገር ጠባዩ ነው ይላል። ደረቅ ስታውት የሚባለው የጥቁር ኤል ዓይነት እርሾው አብዛኛውን ስኳር የሚበላበት፣ የመጨረሻ ግራቪቲው (ከውኃ አንጻር ያለው ክብደት) ከ1.007 እስከ 1.011፣ የሆፕ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) ምሬቱም ከ25 እስከ 45 አይቢዩ (የምሬት መለኪያ) የሚደርስ ስለሆነ፣ መጨረሻው መራራና ደረቅ ቢሆን አይገርምም። ምላሽ 2 ይስማማና አንድ ምክር ይጨምራል፦ ይህ የከበደው ሰው በላክቶስ (በወተት ስኳር) ወደተሠራው ጣፋጭ ስታውት ይሂድ። ላክቶስን የቢራ እርሾ አይበላውም፤ እንዳለ ይቀራል። የማጣፈጥ ኃይሉ ከተራ ስኳር አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው፤ ለ20 ሊትር ከ300 እስከ 500 ግራም የሚጨመረው ለዚህ ነው። ወተት ለማይስማማው ሰው እንዳይቀርብ ማስጠንቀቁንም አልረሳም።

ሁለቱም ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ጥያቄውን አልነኩትም። ክሩን መስመር ያስያዘው ምላሽ 3 ነው። ሰው በደፈናው መራራ የሚላቸው ነገሮች ሦስት መሆናቸውን ለይቶ አስቀመጠ። የሆፕ ምሬት ንጹሕ ነው፤ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ አፍ አያደርቅም። የቆላው ምሬት ከመዓዛ ጋር የተጣበቀ ነው፤ አመድ የምንለው አብዛኛው ነገር ምላስ የሚያውቀው ሳይሆን ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ሦስተኛው ጣዕም እንኳ አይደለም፦ ከእህሉ ገለፈት የወጣ ታኒን ከምራቅ ጋር ሲያያዝ የሚፈጥረው ድርቀት ነው፤ ይኸኛው በየጉንጩ እየተደራረበ ይሄዳል።

መለያ ዘዴውንም እዚያው ሰጠ። አፍንጫን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ፤ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ጎንጨት ብሎ አፍ ውስጥ ማንከባለል፤ አፍንጫ ሳይለቁ መዋጥ፤ እስከ 10 ቆጥሮ መልቀቅ። አመዱ አፍንጫ በተለቀቀበት ቅጽበት ድንገት ከመጣ የቆላው መዓዛ ነው። አፍንጫው ተይዞም ምሬቱ ሙሉ ከነበረ የሆፑ ድርሻ ትልቅ ነው። ከዚያ ምላስን ላንቃ ላይ አሸት ማድረግ ነው፤ ሻካራ ሆኖ ከተሰማ ድርቀቱ አለ ማለት ነው። አፍን ለማስለመድም ሦስት ማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፦ ለንጹሕ ምሬት ቶኒክ ውኃ፣ ለቆላ የቀዘቀዘ ስኳር የሌለው ቡና፣ ለድርቀት ደግሞ በፈላ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ። በየመሃሉ አፍን ለብ ባለ ውኃ መጉመጥመጥና አንድ ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መመሪያ በክሩ ውስጥ የለም።

ምላሽ 4 አንዲት ጥያቄ ብቻ ጣል አደረገ፦ በስንት ዲግሪ ነው የተቀመሰው? ጠያቂው በምላሽ 5 መለሰ፤ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ፣ 4 ዲግሪ ላይ። ምላሽ 6 እዚህ ላይ ትንሽ ይቆጣል፤ ልክም ነው። በ4 ዲግሪ መዓዛው ይታፈናል፣ ጣፋጭነቱ ይደበዝዛል፣ ምሬትና ድርቀት ግን ጎልተው ይወጣሉ፤ በዚህ ሙቀት የተቀመሰ ጥቁር ኤል ግማሹ አልተቀመሰም። ያንኑ ብርጭቆ በ6፣ በ10 እና በ14 ዲግሪ እየቀመሱ መጻፍ ነው የሚለው። ብርጭቆው ሲሶው ብቻ ይሞላ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ሲሸተት ደግሞ በረጅሙ አይሳብ፤ አጠር አጠር ባለ ትንፋሽ ይሻላል። ጋዙንም አነሣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምላስ ላይ የራሱ ንክሻ ስላለው፣ ጋዙ 2.6 ቮልዩም (የቢራውን መጠን 2.6 እጥፍ) ሲደርስ ቆላው ላይ ሌላ ስለት ይጨምርበታል፤ ለእንዲህ ያለው ኤል ከ1.8 እስከ 2.2 ይበቃል። ብርጭቆውን በማንኪያ አማስሎ ጋዙን ካስለቀቁት በኋላ እንደገና መቅመስ የጋዙን ድርሻ ወዲያው ያሳያል።

ምላሽ 7 ጭቅጭቁን ጀመረ። ምሬት የሚታወቀው በምላስ ጀርባ ብቻ ስለሆነ ቢራ ካልተዋጠ አይቀመስም፣ ጫፍ ላይ የተሰማ ምሬት ምሬት አይደለም አለ። ምላሽ 8 የአክብሮቱን እርስዎ ትቶ ወደ አንተ ወረደ፦ ምላስ በየክፍሉ የተለያየ ጣዕም ይቀበላል የሚለው ሥዕል ከተጣለ ቆይቷል፣ አምስቱም ጣዕሞች በመላው ምላስ ይታወቃሉ፤ ካላመንክ ቶኒክ ውኃ በጥጥ ምላስህ ጫፍ ላይ ንካው። ምላሽ 9 ሁለቱን አስታረቀ። ሥዕሉ ስሕተት ቢሆንም ቢራ መዋጥ አለበት፤ ምክንያቱ ግን ሲዋጥ ወደ አፍንጫ የሚወጣው መዓዛና ከ30 ሰከንድ በኋላ የሚቀረው ነገር ሳይዋጥ የማይገኝ መሆኑ ነው።

ይኸው ምላሽ 9 ጭስ የሚመስል ሌላ ነገርም አለ ብሎ ያስጠነቅቃል። ክሎሪን ያለበት ውኃ ከእህሉና ከእርሾው ፌኖል ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይሆናል፤ ሽታው የቁስል ፕላስተር ነው፤ ሰው ግን ጥቁር ቢራ ውስጥ ሲያገኘው የቆላው ጭስ እያለ ያልፈዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግማሽ ግራም ያህል ሜታባይሰልፋይት ወደ 75 ሊትር ለሚጠጋ ውኃ ይበቃል፣ ከመጥመቅ በፊት። ጠያቂው የተጣራ ውኃ መጠቀሙን ስለተናገረ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ከ10 እስከ 14 ያሉት ምላሾች ከመንገድ ወጡ። ምላሽ 10 ጥቁር ቢራ ከባድና ኃይለኛ ስለሆነ መራራ መሆኑ የሚጠበቅ ነው አለ። ምላሽ 11 ቀለም ስለ አልኮል ምንም አይናገርም ሲል የጊነስ ድራፍትን 4.2 በመቶ አስታወሰው፤ ብዙ ቢጫ ቢራ ከዚያ ይበልጣል። ዓይን አፍን እንዳያታልል ጥቁር ብርጭቆ ወይም የተሸፈነ ዓይን ይጠቅማል ብሎም ጨመረ። አፍ ላይ የሚሰማውስ ልስላሴ ለሚለው ምላሽ 12 ናይትሮጅንን አመጣ። ጊነስ ናይትሮጅን ያለበትን ድራፍት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ በቆርቆሮ ውስጥ የምትገባዋ ናይትሮጅን ለቃቂ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ በ1988 ተከተለች። ናይትሮጅን ቢራ ውስጥ ለመሟሟት አሻፈረኝ ስለሚል አረፋው ደቃቅ ይሆናል፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱም መጠን ወደ 1.2 ቮልዩም ይወርዳል። ልስላሴው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ቆላው ያው ነው። ያንኑ ቢራ በተራ ጋዝ ቢቀምሱት ስለቱ ተመልሶ ይመጣል።

ምላሽ 13 ፖርተር (የስታውት ቀዳሚ የሆነው ጥቁር ኤል) በጥቁር ብቅል፣ ስታውት በተቆላ ገብስ ነው የሚሠራው፣ የጠያቂው ችግር ሁለቱን መቀላቀሉ ነው አለ። ምላሽ 14 በታሪክ ደቆሰው። ዳንኤል ዊለር ብቅል የሚቆላበትን ከበሮ መሰል ማሽን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው፤ ከዚያ በፊት ፖርተር የሚጠመቀው በቡናማ ብቅል ነበር። በብሪታንያ የብቅል ቀረጥ እስከተነሣበት እስከ 1880 ድረስ ደግሞ ያልበቀለ ገብስ ለቢራ መጠቀም ሕጉ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን የተጠመቀው ስታውት ያለ ተቆላ ገብስ ነው የተጠመቀው፤ በርትቶ የተጠመቀ ፖርተር ነበር። እግረ መንገዱንም የለንደኑን አደጋ አነሣ፦ በጥቅምት 1814 የሆርስ ሹ ጠመቃ ቤት የፖርተር በርሜል ፈንድቶ ጎርፉ 8 ሰው ገደለ። ከጥያቄው ጋር ባይገናኝም፣ ስለ ፖርተር በተነሣ ቁጥር ይህን የሚያወራ ሰው አይጠፋም።

ምላሽ 15 ትዕግሥቱ አለቀ። ይህ ሁሉ ወሬ ያለ እህሉ ዝርዝር ከንቱ ነው፣ ግብዓቱ ይምጣ አለ። ጠያቂው በምላሽ 16 አወጣው፤ ከዚህ በኋላ ነው ክሩ እውነተኛ ሥራ የሠራው። መጠኑ 20 ሊትር። 3.75 ኪሎ ነጣ ያለ ብቅል፣ ግማሽ ኪሎ የተዳመጠ አጃ፣ ግማሽ ኪሎ የተቆላ ገብስ፣ ሩብ ኪሎ ጥቁር ብቅል። መነሻ ግራቪቲው 1.052፣ መጨረሻው 1.013፣ አልኮሉ 5.1 በመቶ ገደማ። ምሬቱ በስሌት 38 አይቢዩ። ውኃው ማዕድኑ ተጣርቶ የወጣለት። እህሉ ሁሉ በአንድ ላይ ደቅቆ ተፈጭቶ ከመጀመሪያው ድፍድፉ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ቆይቷል፤ አተላው የቀረው ጣፋጭ እንዲወጣለት የታጠበው ሊፈላ በተቃረበ ውኃ ነው። ከተቀመሰ በኋላ የሠራውንም ነገረን፦ በ12 ዲግሪ አፍንጫ ተይዞ አመዱ ጠፋ፣ ሲለቀቅ ተመለሰ፤ ድርቀቱ ግን በሁለቱም ጊዜ ነበረ፤ በዚያ ላይ ምላስ ዳርና ዳር ላይ ሹል የሆነ ነገር አለ።

ምላሽ 17 ሒሳቡን ሠራ። ከ5 ኪሎ እህል 750 ግራሙ የተቆላ ነው፣ 15 በመቶ። የተለመደው ደረቅ ስታውት 70 በመቶ ነጣ ያለ ብቅል፣ 20 በመቶ የተዳመጠ ገብስ፣ 10 በመቶ የተቆላ ገብስ ነው። ያንን 10 በመቶ እንኳ መሸከም የሚችለው ሌላው ነገር ሁሉ ሲስተካከል ነው። ጥቁር ብቅል ከ220 ዲግሪ በላይ ስለሚቆላ በማረርና በመቆላት መካከል ያለችው መስመር ጠባብ ናት፤ ሩብ ኪሎው ለቀለም ከሆነ 100 ግራም ይበቃ ነበር።

ምላሽ 18 ወደ ውኃው ዞረ። የተቆላ እህል አሲድ አለው፤ የድፍድፉን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ ታች ይጎትተዋል። ባይካርቦኔት ያለበት ውኃ ይህን ያመዛዝናል፤ የለንደንና የደብሊን ውኃ ለጥቁር ቢራ የተስማማው ለዚህ ነው፣ የፕልዘን ለስላሳ ውኃ ደግሞ ለነጣው። ማዕድን በሌለው ውኃ ላይ 15 በመቶ የተቆላ ሲገባ ድፍድፉ ከ5.2 ፒኤች በታች ሊወርድ ይችላል። ለጥቁር ኤል የሚፈለገው ከ5.4 እስከ 5.6 ነው፤ ይህም የሚለካው ናሙናው ወደ ክፍል ሙቀት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ ትኩሱን የለካ ሰው 0.3 ያህል ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ሹሉ ነገር ከዚህ የመጣ ነው። በ10 ሊትር 1 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመር ባይካርቦኔቱን በሊትር 73 ሚሊግራም፣ ሶዲየሙን 27 ሚሊግራም ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ጀምሮ፣ አማስሎ፣ 10 ደቂቃ ጠብቆ መለካት። ኖራ ድንጋይ ግን አይመከርም፤ ድፍድፍ ውስጥ በወጉ አይሟሟም።

ምላሽ 19 አልተቀበለም። ጥፋቱ አተላው የታጠበበት ውኃ ነው፤ ከ77 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከገለፈቱ ታኒን ያወጣል፣ ድርቀቱም ይኸው ነው አለ። ምላሽ 20 ነደደ። ታኒን እንደ ልብ የሚወጣው ሙቀትና ከ5.8 በላይ የሆነ ፒኤች ሲገናኙ ነው፣ እዚህ ድፍድፉ አሲድ ሆኖ ሳለ የሙቀቱን ግማሽ ደንብ ብቻ ይዞ መፍረድ አያዋጣም። ምላሽ 21 ከ19 ጋር ያለው አንድ ሰው ይመስላል፣ አነጋገሩ ተመሳሳይ ነው፤ እህሉ ደቅቆ መፈጨቱን ዘንግታችኋል ብሎ ተመለሰ። ገለፈቱ ዱቄት ከሆነ ታኒኑ ብዙ ሙቀት አይፈልግም፤ የተቆላ እህል ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ተሰባሪ ስለሆነ ለብቻው ሰፋ ባለ ወፍጮ መከካት ነበረበት። ይህች ነጥብ ከሁለቱም ወገን ክርክር ትበልጣለች ባይ ነኝ፤ ያነሣት ሰው ግን ለመሸናነፍ ስለተጠቀመባት ማንም ልብ ሳይላት አለፈች።

ምላሽ 22 ክርክሩን ወደ ብርጭቆ አወረደው። 1 ግራም ባይካርቦኔት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟ። ጋዙ የወጣለት ቢራ በሦስት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር፣ ይቀዳ። አንደኛው ላይ 1 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው ላይ ከሙሙው 1፣ ሦስተኛው ላይ 2 ሚሊ ሊትር በመርፌ ሲሪንጅ ይጨመር። ይፈላልና ብርጭቆው ጎደሎ ይሁን። የትኛው ብርጭቆ ምን እንደያዘ የማያውቅ ሰው ይቅመስ። ሹልነቱ ከቀነሰ አሲዱ ነው፤ ድርቀቱ ካልተነካ ታኒኑ ነው።

ውጤቱ በምላሽ 23 መጣ። 1 ሚሊ ሊትር የገባበት ክብ ሆነ፣ ቡናው ወደፊት መጣ፣ አመዱም ለዘብ አለ። 2 የገባበት ጠፍጣፋና ትንሽ የሳሙና ጣዕም ያለው ነበር። ድርቀቱ በሦስቱም ላይ ያው። ከ18 እና ከ19 አንዳቸውም ተሳስቻለሁ አላሉም፤ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ስለነበሩ ማለትም አይጠበቅባቸውም።

የቀረው ለሚቀጥለው ጠመቃ የተሰጠ ምክር ነው። ምላሽ 24 ጥቁር ብቅሉን አውጥቶ የተቆላውን ገብስ 400 ግራም ላይ ማቆም፣ ለብቻው መከካት፣ ድፍድፉ ላይ የመጨረሻው 15 ደቂቃ ሲቀር ብቻ መጨመር፣ አተላውን በ75 ዲግሪ ውኃ ማጠብ ይላል። ምላሽ 25 ቀዝቃዛ ዝፍዝፍን ይመርጣል፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ እህል 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ አጥልሎ ውኃውን ብቻ ፍላቱ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀር መክተት። ቀለሙና ጣዕሙ ስለሚሳሳ እህሉን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ገለፈቱ ተሸክሽኮ የወጣለት እንደ ካራፋ ስፔሻል ያለ ጥቁር ብቅልም ድርቀቱን ይቀንሳል አለ። ምላሽ 26 በዚህ ተከፋ፤ ስታውቱን እንዲህ ካለሳለሱት ቡና የሚሸት ቡናማ ኤል ይሆናል፣ ትንሽ ስለት ከሌለው ሁለተኛ ጉንጭ አያስጠራም። የተጠመቀውን ግን አትድፉት፣ በ1 ወይም በ2 ዲግሪ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ የተንሳፈፈው እርሾና የቆላው ደቃቅ ሲዘቅጥ ድርቀቱ ከፊሉ አብሮ ይወርዳል ብሎ ጨመረ።

ምላሽ 27 በሦስት መስመር ከሁሉም የጠቀመ ማረሚያ ሰጠ። የ18ንና የ24ን ምክር አንድ ላይ መተግበር አይቻልም። የተቆላው እህል መጨረሻ ላይ የሚገባ ከሆነ ድፍድፉ አብዛኛውን ሰዓት የሚቆየው በነጣው ብቅል ብቻ ነው፤ ያ በለስላሳ ውኃ ላይ ራሱ 5.7 አካባቢ ስለሚቆም፣ ባይካርቦኔት ከመጀመሪያው ከተጨመረበት ከ5.8 አልፎ ታኒን የሚወጣበት ቦታ ይገባል። ወይ ሁሉም እህል ከመጀመሪያው ይግባና ባይካርቦኔት ይጨመር፣ ወይ ቆላው ይዘግይና ባይካርቦኔቱ ይቅር፤ በሁለተኛው መንገድ የሚሄድ ሰው ቆላው ከገባ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ከ5.3 በታች ከወረደ ያኔ በቁንጥር ይጨምር።